ለምድጃ የተላከ ሽማግሌ

ሲስተር አስካለ ማረፏን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሾፌሩ ስልክ እያወራ ነበር። ከወዲያ ማዶ «የቷ አስካለ?» ሳይሉት አልቀሩም፤ «ያች ቁጡዋ ነርስ ናታ! መርፌ እየወጋች የምትሰድበዋ!» ብሎ ጮኸ። ጎንደር ውስጥ ከዚህ በላይ አድራሻ አያስፈልጋትም ነበር። አስቁሜው ወረድሁና በእግሬ ወደ ቤቷ ሄድሁ።

ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ደግነቷ እየተወራ ነው። በእኛ አገር ደግ ለመሆን ከመሞት የቀለለ መንገድ የለም፤ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው። አንዲት ሴትዮ «ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም» ስትል ሰማሁ። ሲስተር ብትሰማት «አንቺ ሴትዮ፣ የመጣሽው የማን ለቅሶ መስሎሽ ነው?» ትላት ነበር። እኔ በጎረቤትነት በኖርሁበት ዘመን ሁሉ አንድም ጊዜ ለሰው «አይዞህ» ስትል አልሰማኋትም። ምነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አይዞህ ማለት ከዚህ በላይ የማደርግልህ የለም ማለት ነው» አለችኝ። «እኔ ገና ሥራዬን አልጨረስሁም።»

በዕድሜ በጣም ትበልጠኛለች። እንደ ወጉ አንቱ ልላት ሞክሬም ነበር። «ተወው፤ አንቱ የሚለኝ ሰው ሁሉ መርፌ የፈራ ነው» ስላለችኝ አንቺ እንዳልኋት ቀረ። እዚህም እንዲያው እቀጥላለሁ፤ ሞት ማዕረግ አይጨምርላትም።

ሆስፒታል ውስጥ የሠራችው ደረታቸውን የታመሙ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ከዳባት፣ ከኮሶዬ፣ ከዚያ ሁሉ ደጋ ሴቶች እያሳሉ ይመጣሉ። ሲስተር ስማቸውን ከመጠየቋ በፊት የነጠላቸውን ጫፍ ይዛ ታሸተዋለች። «ባሕር ዛፍ። ያውም እርጥብ» ትላለች። ሌላዋን ደግሞ «ኩበት። ቤትሽም መስኮት የለውም።» ሴቶቹ ጠንቋይ ዘንድ የመጡ ይመስል ይደነግጣሉ።

«ኧረ እንዴት አወቅሽው፣ እመቤቴ?»

«አፍንጫ የተሰጠን ለምን ይመስልሻል? ለሽቶ?»

ስለ ጭስ በከተማችን ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። ባነር ይሰቀላል፤ ስለ ምድጃ የሚያስረዳን ሰው ምድጃ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ይሆናል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የአቋም መግለጫ ይነበባል፤ ተሰብሳቢውም የታደለውን ቲሸርት ለብሶ ጭስ ወደሞላው ቤቱ ይመለሳል። ሲስተር አንድ ጊዜ ተጋብዛ፣ «ይኼን ሁሉ ወረቀት ደርቦ ማን ያነደዋል?» ብላ ስለጠየቀች ሁለተኛ አልተጠራችም። እኔ ደግሞ ቃል መቆፈር የምወድ ሰው ነኝና፣ ጭሰኛ የሚለው ቃል ከጭስ የመጣ መሆኑን፣ ገባር የሚቆጠረው ጭስ በሚወጣበት ጣራ ሳይሆን እንዳልቀረ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ይህ ራሱ ብርቅ ነው። ስጨርስ፣ «ደግ፤ መሬቱን ለጭሰኛው ሰጣችሁት። ጭሱን ማን ይቀበለው?» አለች። ስለ መሬት ላራሹ ካነበብኋቸው መጻሕፍት አንዱም ይህን ጥያቄ አንሥቶ አላየሁም።

ጡረታ ስትወጣ ያረፈች መስሎን ነበር። የዞረችው ግን ወደ እህቷ ነው።

ታላቅ እህቷ እትዬ ሙሉ የሚኖሩት ኮሶዬ ነው፤ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ጉሙ እቤት ድረስ ገብቶ በሚቀመጥበት ብርድ አገር። ቦታውን ጎብኚ ሁሉ ያደንቀዋል፤ ጎብኚ የሚያድረው ሌላ ቦታ ስለሆነ። እትዬ ሙሉ መስኮት በሌለው ማድ ቤታቸው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ጎልተው፣ እርጥብ እንጨት እየማገዱ ነው የኖሩት። ሳላቸው ከአጥር ውጭ ይሰማል። ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ሁልጊዜም ያነባል። ሲስተር የዓይን ጠብታ ስታመላልስ ዓመታት አለፉ። ሆስፒታል ወስዳ አስመረመረቻቸው፤ ወጣቱ ሐኪም «ከጭስ ይራቁ» ብሎ ጻፈ።

«ለዓሣ ከውኃ ራቂ ብሎ መጻፍ ነው» አለችኝ ስትመለስ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ደግሞ ነገሩ የምር ነው። «ይኼን ክረምት በዚያ ጭስ ውስጥ ከከረመች ለመስቀል አላገኛትም።»

«ለምን ከተማ አታመጫትም?»

«አትመጣማ። ልጇ አዳነ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ወርዶ በዚያው ወሬው ጠፋ። ሲመለስ ቤቱ ተዘግቶ እንዳያገኝ ትላለች።»

«ይመለሳል?»

«እኔ ነርስ ነኝ፤ ነቢይ አይደለሁም።»

የቀረው ቤቱን መለወጥ ነው። የኮሶዬ መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ፣ ማሞቅም ማብሰልም ያለው በእንጨት ነው። ስለዚህ ሲስተር አስካለ በር ያለው፣ ጭሱን በቧንቧ ከጣራ በላይ አውጥቶ የሚጥል የብረት ምድጃ ልትመርጥ ተነሣች። ሰው ሚስት ሲመርጥ አይቻለሁ፤ ፓርቲ ሲመርጥም አይቻለሁ። እንደ እሷ ተጠንቅቆ የመረጠ አላየሁም።

መጀመሪያ የሄድነው አንድ ብየዳ ቤት ነው። ብየዳ ሠሪው በርሜል ቆርጦ፣ እግር አብጅቶ፣ በር ገጥሞለት ጥሩ ነገር ሠርቷል። ሲስተር ተንበረከከች። የግራ እጇን ጣት በርሜሉ ላይ አስተኛችና በቀኝ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ የታማሚ ደረት ስትመረምር እንደምታደርገው። ከዚያ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይኼ ሳንባ የለውም» አለች።

«ሲስተር፣ ብረት እኮ ነው!» አለ ሰውየው።

«ቆርቆሮ ነው። ሲነድ ይቀላል፤ ሲጠፋ ወዲያው ይረሳል። እኔ የምፈልገው ቂም የሚይዝ ብረት ነው። እሳቱ ጠፍቶም እስኪነጋ ድረስ የሚያቄም።»

ቂም የሚይዘው ደግሞ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ወፍራሙ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ አገር መምህር ቤት ተገኘ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፤ በሩ ደግሞ መስታወት ነው። መምህሩ በለመደው አማርኛ «ምሽት እሳቱን እያየን እንዝናናለን» ብሎ አስረዳን። ሲስተር ዘወር ብላ አየችኝ። «እሳት እያዩ? ምን የሚታይ ቢያጡ ነው?» ነካ ነካ አድርጋ አዳመጠችው። ድምፁን ወደደችለት። ግን አልተቀበለችውም።

«ሸጋ ነው፤ ግን ለእህቴ ቤት ይሰፋል። ትልቅ ምድጃ ትንሽ ቤት ውስጥ ስታስገባ ለትንሽ ሰው ትልቅ ሹመት እንደ መስጠት ነው። በሙሉ ኃይሉ እንዳይነድ ቤቱን ያቃጥላል፤ አፍነህ ስትይዘው ደግሞ ሲያጨስ ይኖራል።»

እኔ ይህን አባባሏን ጽሑፎቼ ውስጥ ለምድጃ ባልሆነ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

ሦስተኛውን ያገኘችው አያ ደምለው ቤት ነው። አያ ደምለው ጣሊያን የሠራው አሮጌ ቪላ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ምድጃው ከቤቱ ጋር የቀረ ነው፤ ትንሽ፣ ብረቱ ወፍራም፣ አራት አጫጭር እግር ያለው፣ ጎኑ ላይ የወይን ሐረግ የተቀረጸበት። ሲስተር ልታዳምጠው ጆሮዋን ስታስጠጋ ከውስጥ ድምፅ ሰማች። በሩን ስትከፍት አንዲት ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ በንቀት አየቻት።

«አያ፣ እሳት አያነዱበትም?»

«እናቴ ትሙት፣ ዶሮዋ ከገባች ወዲህ አላነደድሁም።»

«እንግዲያስ ይሽጡልኝ።»

አያ ደምለው ተቆጡ። «ልጅ አልወለድሁ። ይችን ነው ሳጸዳ፣ ቅባት ስቀባ የኖርሁት። ልጅ ይሸጣል እንዴ?»

ሲስተር አልተከራከረችም። ማታውን እቤቴ መጣችና ቆማ፣ «ልጅ አይሸጥም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልጅ ይዳራል እንጂ አይሸጥም። ሽማግሌ ሁን» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሁድ ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ ከመሪጌታ ጥበቡ ጋር አያ ደምለው በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። መሪጌታ ጥበቡ የሠፈራችን ሰው ናቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «መጽሐፍ አይከለክልም» ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። ሲስተር ራሷ የሙሽራው ወገን ስለሆነች አትገባም፤ አጥሩ ሥር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ አያ ደምለው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ እንደ ወጉ።

«ምንድን ነው ጉዳያችሁ?»

«ከአንቱ ቤት ሸጋ ልጅ አለች ሲባል ሰምተን፣ ለኮሶዬዋ ለወይዘሮ ሙሉ ቤት ልንጠይቅ መጣን።»

አያ ደምለው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ልገልጸው ይቸግረኛል። ሰውየው በዕድሜያቸው ሙሉ የሰው ልጅ ሊጠይቁ ሽማግሌ ሆነው ሄደዋል፤ የእሳቸውን ደጅ ግን ሽማግሌ ረግጦት አያውቅም። ተነሡ። ኮታቸውን ለበሱ። ከዚያ እንደ ማንኛውም የሴት ልጅ አባት ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ጥያቄ ጀመሩ።

«ቤቱ ምን ዓይነት ነው?»

«አንድ ክፍል፤ በጭቃ የተመረገ፤ ጣራው ቆርቆሮ» አልሁ።

«እርጥብ እንጨት ያበሏታል?»

«ደረቅ ወይራ እንጂ!» የሚል ድምፅ ከአጥር ውጭ መጣ።

«ማን ነው እሱ?»

«የመንገድ ሰው ነው» አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

አያ ደምለው ዘመድ ላማክር ብለው ለሳምንት ቀጠሩን፤ ዘመድ እንደሌላቸው እናውቃለን፤ ግን ቶሎ እሺ የሚል የልጅ አባት የለም። በሳምንቱ ፈቀዱ። ጥሎሽ የጠየቁት ለዶሮዋ ማደሪያ ነው። ሲስተር ያንን ሳንባ የለውም ያለችውን በርሜል አምጥታ ሰጠች፤ ለዶሮ በቂ ሳንባ ነበረው። አንድ ነገር ግን አያ አጠበቁ።

«መልስ አለ። ልጄ ከተዳረች በኋላ ለመልስ እቤቴ መጥታ አያታለሁ።»

«ይችን ብረት ተሸክመን ከኮሶዬ እስከዚህ?» አልሁ።

«ወግ ነው።»

ብዙ ተነጋግረን መልሱ እዚያው ኮሶዬ እንዲሆንና እሳቸው እንዲመጡ ተስማማን። አይሱዙ ላይ ስትጫን አያ ደምለው ጎኗን በእጃቸው ጠረግ አድርገው «አታሳፍሪኝ» አሏት። ሲስተር ፊቷን አዞረች። የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም።

እትዬ ሙሉ ሙሽራዋን በደስታ አልተቀበሏትም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉ በር ላይ ቆመው።

«ወጡን ማን አማው፣ እታለም? ሳንባሽን ነው እንጂ።»

«ዓይኔም ሳንባዬም ለምዶታል።»

«አህያም ዱላ ይለምዳል።»

ሲስተር ቧንቧውን ቀጥ አድርጋ በጣራው አስወጣች፤ ዙሪያውን ዝናብ እንዳያስገባ አስደፈነች። ከዚያ ማድ ቤቱን ጥጃ ማሰሪያ አደረገችና ጉልቻዎቹን ነቅላ ወረወረቻቸው። እትዬ ሙሉ ድንጋዮቹ ሲወጡ በዓይናቸው ሸኟቸው። በዚያ ክረምት ቤታቸው ሞቀ፤ ግድግዳው ጥቀርሻ መያዝ ተወ፤ ሳሉም እየቀነሰ ሄደ። ሲስተር ድሏን በየደረሰችበት አወራች። «ቂም የምትይዝ ብረት!» ትላለች።

ግን አንድ ያልገባት ነገር ነበር። ከወር በኋላ እትዬ ሙሉ «ደረቴን ከበደኝ» ማለት ጀመሩ። ሲስተር ኮሶዬ ወጣች፤ ጀርባቸውን ነካ ነካ አድርጋ አዳመጠች። ወረደች። እንደገና ወጣች። «ንጹሕ ነው» አለችኝ ተናዳ። «ሳሉ የለም። ጭስ የለም። ምግብ ግን አትበላም፤ እንቅልፍ የላትም። ዓይኗም እንደቀላ ነው፤ ጠብታውን ብጨምርም እንደቀላ ነው። ጭሱን አወጣሁላት፤ ምን ቀረ?» በሥራ ዘመኗ ሁሉ ምን እንደቀረ ሳታውቅ የቀረችበትን በሽተኛ አላየሁም። እንዲህ ስታወራ ደግሞ ማንንም አልሰደበችም።

የመልሱ ቀን ኮሶዬ ሄድን። ሲስተር፣ አያ ደምለው፣ መሪጌታ፣ እኔ፤ ጥቂት ጎረቤቶችም መጡ። ወለሉ ላይ ገና ጠል ያልለቀቀው ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ውጭው ጉም ነው፤ ቤቱ ግን ይሞቃል፤ አየሩም የጠራ ነው፤ አንዳችን የሌላውን ፊት በደንብ እናያለን። ይህን ያኔ ቁም ነገር አላልሁትም። አያ ደምለው ሙሽራዋን ዞረው አዩዋት፣ ጎኗን ዳሰሱ፣ «ወፍራለች» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም ቀርቤ እሳቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጠላው ተዞረ። አያ ደምለው ደስ ብሏቸዋል፤ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ነገር አይመርጥም።

«ሙሉ፣ የልጅሽስ ወሬ ተሰማ?»

«ደህና ነው ይሉኛል» አሉ እትዬ ሙሉ። ማንም እንዲህ ያላቸው የለም። ቃሉን ሲጨርሱ ዓይናቸው ሞላና ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

አንዲት ጎረቤት «ምነው ሙሉ!» አለች ደንግጣ። «በቁሙ ታለቅሽበታለሽ እንዴ? ሟርት አይሆንም!»

ወጉ እንዲህ ነው። መርዶ ላልመጣለት ሰው አይለቀስም። ያለቀሰ ልጁን በእጁ እንደቀበረ ይቆጠራል። ስለዚህ እትዬ ሙሉ አልቅሰው አያውቁም፤ አዳነ ከጠፋ ጀምሮ አንድም ቀን ሰው ፊት አላለቀሱም።

እጃቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡና፣ ምናልባት ዓመታት ሙሉ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲሉት የኖሩትን ቃል አሉ።

«ጭሱ ነው።»

ቤቱ ውስጥ ጭስ አልነበረም።

ሁላችንም ምድጃውን አየን። ጎረቤቲቱ «የቱ ጭስ?» አለች፤ ለክፋት አይደለም፤ በእውነት ስላላየች ነው። እትዬ ሙሉ የሚገቡበት አጡ። ማድ ቤታቸው ውስጥ ጥጃ ታስሯል።

ሲስተር አስካለን አየኋት። አሥር ዓመት ያላወቀው በሽታ በድንገት የተገለጠለት ሐኪም ምን ፊት እንዳለው ያየሁት ያን ዕለት ነው። ብድግ አለች። «ይኼ እሳት ሊጠፋ ነው» ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ምድጃው ፊት ተንበረከከች፤ ነጠላዋን ዘርጋ አድርጋ ሸፈነችው። እኔ ከጎን ነኝና አየሁ። በእጇ ከወለሉ እርጥቡን ቄጤማ እየዘገነች፣ እየዘገነች ፍሙ ላይ ጠቀጠቀችው። ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ትታው ተነሣች።

ጭሱ ወፍሮ መጣ። ቤቱን ሞላው። መጀመሪያ መሪጌታ አሳላቸው፤ ከዚያ ሁላችንም።

«አላልሁም!» አለች ሲስተር ጮክ ብላ፣ እሷም እያሳላት። «ይኼ ጉድ ማጨስ ከጀመረ ሰነበተ። ጠዋትም እንዲሁ ሲያስለቅሳት ነበር። ምን ዓይነት ምድጃ መረጥሁ!»

«የእኔ ልጅ?» አሉ አያ ደምለው፣ ኮታቸው ውስጥ አፍንጫቸውን ቀብረው። «አጭሳ አታውቅም! ስም አታጥፊ!»

«አንቱ ቤት ጨዋ ነበረች። እዚህ መጥታ አመል አወጣች።»

«ውሸት ነው! አበላሽታችኋት ነው!»

«ይሁን፤ አበላሽቻት ነው። እኔ ነኝ።»

ስለ ጭስ ከተማ ሙሉ ሲሰድብ የኖረ አፍ ይህን ሲል ሰማሁ፤ ጎረቤቶቹም ሰሙ፤ ወሬው በማግሥቱ ከእኛ ቀድሞ ጎንደር እንደሚገባ ታውቃለች። ማንም ማንን አያይም። ሁሉም ዓይኑን ያብሳል። ከማዕዘኑ እትዬ ሙሉ ሲያለቅሱ ይሰማል፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ ድምፅ አውጥተው፣ ሰው መርዶ ሲሰማ እንደሚያለቅሰው። ምነው ያላቸው የለም። ምን ምክንያት አለና።

መሪጌታ ጭሱን በመቋሚያቸው እየገፉ፣ «ኧረ በሩን ዝጊው፣ ሲስተር! አቃጠልሽን እኮ!» አሉ።

ሲስተር አስካለ ሄዳ እህቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አይዘጋም» አለች።